«ተዓምር» ስትሉ ማንን ነፃ እያወጣችሁ ነው?

ፕሮፔለሩ አየር ላይ ተነቅሎ የወደቀ አውሮፕላን በሰላም አረፈ ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። «ተዓምር!» ይባላል። ከዚያ «ጀግናው ካፒቴን»፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ዝምታ። እኔን የሚያናድደኝ ዝምታው ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ከአልበሪ ወደ ሲድኒ ይበር የነበረ ሳብ 340 አውሮፕላን 16 መንገደኞችና 3 ሠራተኞች ይዞ ነበር። የቀኝ ሞተሩ አልታዘዝ ሲላቸው አብራሪዎቹ አጠፉት። ወዲያው ፕሮፔለሩ ሙሉ ለሙሉ ተነቅሎ ሄደ። በግራው ሞተር አረፉ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም።

እዚህ ውስጥ ዕድል አለ፤ ፕሮፔለሩ ሲነቀል ክንፉንም ሆነ አካሉን አልመታም። የቀረው ግን ዕድል አይደለም። ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን በአንዱ ብቻ መብረር እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አብራሪዎቹም ይህንኑ በሲሙሌተር ደጋግመው ይለማመዱታል። እንዲያውም ፕሮፔለሩ ተጠራርጎ መሄዱ ከግማሽ ስብራት ይሻላል።

አላመናችሁም? እንግዲያው የ1995ቱን የጆርጂያ አደጋ እንይ።

ከአትላንታ የተነሳው ኢምብራየር 120 29 ሰዎች አሳፍሮ 18 ሺህ ጫማ ላይ ነበር። የግራ ፕሮፔለሩ አራት መቅዘፊያዎች አሉት (ቴክኒሻኖች ብሌድ የሚሉት)። የተሰበረው የአንዱ መቅዘፊያ ክፋይ ብቻ ነው። ነገር ግን ሚዛኑን ስቶ በዚያ ፍጥነት የሚሽከረከር ነገር ሞተሩን ከማሰሪያው አላቀቀው፤ የሞተሩ ሽፋን ተጣሞ አየሩን እንደ ግድግዳ ይገፋ ጀመር፤ የግራ ክንፉ የመሸከም ኃይሉን አጣ። ቀኙ ሞተር እየሠራ እንኳ ከፍታውን መጠበቅ አልተቻለም። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ታገሉ። ካሮልተን አጠገብ ሜዳ ላይ ወድቆ ተቃጠለ። ካፒቴኑን ጨምሮ 8 ሰዎች በ30 ቀናት ውስጥ ሞቱ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ ካፒቴን ከሲድኒዎቹ ያነሰ ጀግና ነበር? ተሳፋሪዎቹስ ያነሰ ጸልየው ነበር?

ልዩነቱ ያለው ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በ1994 የዚሁ አምራች፣ የሃሚልተን ስታንዳርድ፣ ሁለት መቅዘፊያዎች ካናዳና ብራዚል ውስጥ አየር ላይ ተሰብረው ነበር። ፍተሻ ታዘዘ። ኋላ ጆርጂያ ላይ የተሰበረውም በአልትራሳውንድ ሲፈተሽ ችግር እንዳለበት አሳይቶ ወደ አምራቹ ወርክሾፕ ተላከ። እዚያ ውስጡ ታየ፣ በሸካራ ወረቀት ተፈገፈገና «ደህና ነው» ተብሎ ተመለሰ። ዝገት ከበላቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች የተነሳው ስንጥቅ ግን እዚያው ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የኩባንያውን የፍተሻና የጥገና አሠራር፣ ሥልጠናና የመረጃ ልውውጥ በስም ጠርቶ ወቅሷል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተደጋጋሚ የአልትራሳውንድ ፍተሻ አለማስገደዱንም ጽፏል።

የሲድኒውም ቢሆን ያለ ምክንያት አልወደቀም። ፕሮፔለሩ በሚታሰርበት የዘንግ ጫፍ ላይ ካለች ትንሽ የፒን ቀዳዳ ስንጥቅ ተነስቶ፣ ብረቱ እየዛለ ሄዶ ተበጠሰ። አየር መንገዱ መመሪያውን ተከትሏል፤ መመሪያው ግን ያንን ስንጥቅ ለይቶ የሚያገኝ ፍተሻ አልነበረውም። የአውስትራሊያ መርማሪዎች ሰው አልሞተም ብለው ፋይሉን አልዘጉም፤ ያቺን ቀዳዳ ያገኙት ለዚህ ነው። ቦታው እንዲፈተሽ የታዘዘውም ከዚያ በኋላ ነው።

ባለ አንድ ሞተሩስ? እሱም እንደ ድንጋይ አይወርድም፤ ይንሳፈፋል። ሴስና 172 ከ1 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊንሳፈፍ ይችላል። ፕሮፔለሩ ጨርሶ ከሄደ ግን አፍንጫው ይቀልና ቀና ቀና ይላል፤ አብራሪው ቶሎ ካልደፋው ክንፉ አየር ያጣል። በ2010 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሒልተን ሄድ ደሴት አጠገብ የሆነው ይህ ብቻ አይደለም። ፕሮፔለሩ ሲሄድ ዘይት የፊት መስታወቱን ሸፈነው። አብራሪው ፊቱን ሳያይ ባህር ዳርቻው ላይ አሳረፈ፤ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ተረፉ። አሸዋው ላይ ስፖርት እየሠራ ይሮጥ የነበረን ሰው ግን ከኋላው መትቶ ገደለው። ለዚያ ቤተሰብ «ተዓምር» የሚለውን ርዕስ ማን ያነብለታል?

ፈጣሪን አታመስግኑ አላልኩም። አመስግኑ፣ አብራሪውንም አጨብጭቡለት። የምናገረው ለዜና ጸሐፊዎቻችን ነው። ወደ ጅማም ሆነ ወደ ጎንደር በዳሽ 8 የሚበር አንባቢ ከመስኮቱ አጠገብ ስድስት መቅዘፊያ ሲሽከረከር እያየ ነው የሚሄደው፤ ከፈገግታ ፎቶ የበለጠ ይገባዋል። የተሰበረው የትኛው ክፍል ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? መመሪያው ይፈተሽ ይላል? «ደህና ነው» ብሎ የፈረመው ማነው?