«ገንዳችን ክሎሪን አይነካውም»

ዳላስ አጠገብ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የገዛው ቤት መዋኛ ገንዳ አለው። ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክበው «ገንዳችን ክሎሪን አይነካውም» ብሎት ነበር። የወንድሜ ሚስት ደስ አላት፤ የልጆቹ ዓይን አይቀላም ብላ።

ክሎሪን አይነካው እንጂ ኬሚካልስ ይነካዋል። የሚጨመርበት ቢጓናይድ የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ነው። ቆሻሻውን የሚያቃጥል ፐርኦክሳይድ ለብቻው ይገዛለታል፣ ለአልጌ ደግሞ ሦስተኛ ጠርሙስ። ዓመታት ሲያልፉ የሚለምዱት ተህዋስያን አሉ። ባለፈው ሐምሌ የገንዳው ግድግዳ ላይ ነጭ የሚያሟልጭ ነገር ተጋገረ። ወንድሜ «ወደ ክሎሪን ልቀይር ነው» ሲል ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እኔ በስልክ ከወንድሜ ጎን ቆምኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ክሎሪን እ.ኤ.አ. በ1915 ኢፕር ላይ ወታደር የፈጀው ጋዝ ነው። ዛሬም ከአሲድ ጋር ከተደባለቀ ያው ጋዝ ይወጣል፤ የተለያየ ዓይነት የገንዳ ክሎሪን አንድ ባልዲ ውስጥ መቀላቀልም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ግን ይኸው ክሎሪን ከኢፕር ሰባት ዓመት ቀድሞ፣ በ1908፣ የጀርሲ ሲቲን የመጠጥ ውሃ ማከም ጀምሮ ነበር። እናታችን ለጥየቃ ሄዳ እዚያው ነበረች። ክርክሩን ስትሰማ «ይሄ ውሃ አጋር አይደለም እንዴ? ስንቴ ጄሪካን ውስጥ ጨምሬ አጠጣኋችሁ!» አለች። ልክ ናት፣ ያው ክሎሪን ነው።

ሰው የሚሳሳተው ሽታው ላይ ነው። ገንዳ ሲሸት «ክሎሪኑ በዛ» እንላለን። የሚሸተውና ዓይን የሚያቀላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሎራሚን ነው፤ ክሎሪን ከላብና (ይቅርታ) ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር። ስለዚህ የሚሸት ገንዳ ብዙ ጊዜ ክሎሪን ያነሰው ገንዳ ነው። «የኔ የጨው ውሃ ነው» ብለው የሚኮሩም አሉ። መሣሪያው ጨዉን በኤሌክትሪክ ወደ ክሎሪን እንደሚቀይረው ማን ይንገራቸው?

ቅያሪው ቀላል ነው አልልም። ቢጓናይድና ክሎሪን አይታረቁም። መጀመሪያ ቢጓናይድ መጨመሩ ቆመ፣ መጠኑ ሲወርድ ክሎሪን በየቀኑ ፈሰሰበት። ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ ቀጥሎ ወተት መሰለ። የማጣሪያው አሸዋ ዝቃጭ ጠግቦ ስለነበር ተጥሎ በአዲስ ተተካ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቹ አልዋኙም። ያን ሰሞን ስደውል የወንድሜ ሚስት ሰላምታዋ ቀዝቅዞ ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ «ከክሎሪን ነፃ» የሚለው ንግድ ነው። ገዢው ተገላገልኩ ብሎ መለካት ይተዋል። ክሎሪን እንዲህ አያስተኛም። በሊትር ቢያንስ 1 ሚሊግራም፣ ከፀሐይ የሚከላከለው ሲያኑሪክ አሲድ ካለበት ቢያንስ 2 መሆን አለበት፤ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8። የቴክሳስ ፀሐይ መከላከያ የሌለውን ክሎሪን በሰዓታት ውስጥ ትጨርሰዋለች። ሁሉንም አይገድልም ደግሞ፦ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሪፕቶስፖሪዲየም በክሎሪን ውሃ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ገንዳ አይገባም፣ አለቀ።

አሁን መለኪያውን የያዘችው የወንድሜ ሚስት ናት። ባለፈው ቅዳሜ 0.5 ሆኖ ስላገኘችው እንግዶቹን ከነልጆቻቸው ከገንዳው አስወጥታለች። ወንድሜ አፍሮ ደወለልኝ።