የጣሪያ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ በቡሌ ሆራ

ቡሌ ሆራ፣ የቀድሞዋ ሀገረ ማርያም፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የምዕራብ ጉጂ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተባት ወዲህ የሚከራይ ክፍል በዝቷል፣ ግቢው ሁሉ በሲሚንቶ እየተለበጠ ነው። እንደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ግን የቤት ፍሳሽ የሚወርደው እዚያው ግቢ ውስጥ ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ ነው።

ስለ ፍሳሽ ወሬ ሲነሳ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ መንግሥት መስመር ይዘርጋ። ጥያቄው ትክክል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ግን ከአጥሩ ውስጥ፣ የዝናቡ ውሃና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ከሚገናኙበት ቦታ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት ከሰዓት፣ 300 ካሬ የሆነ የተለበጠ ግቢ ከነጣሪያው 9,000 ሊትር ውሃ ይሰበስባል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱም ሁለት ሜትር የሆነ ጉድጓድ የሚይዘው 8,000 ሊትር ነው። ያ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ከተለቀቀ፣ ባዶ የነበረው እንኳ በአንድ ዝናብ ሞልቶ ይፈሳል። ከዚያ መምጠጫ መኪና ይጠራል፤ ባለቤቱ የሚከፍለው በአብዛኛው ዝናብ ለማስመጠጥ ነው!

ይህ የሚሆነው ደግሞ ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት አካባቢ ነው። በዚያው ዝናብ 60 ካሬ ቆርቆሮ 1,800 ሊትር ያወርዳል፦ 90 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ለመጠጥ ባይሆን ለልብስና ለጽዳት ይበቃል። አሸንዳና ሮቶ የሚጠይቀው ወጪ ለድሃ ቤተሰብ ከባድ ነው፣ እውነት ነው። አሥር ክፍል ለሚያከራይ ግን ሰበብ አይሆንም።

ሌላው ጥፋት የመንገዱ ቦይ ነው። ቦዩ የተሠራው ለጎርፍ ነው። እጣቢና የሽንት ቤት ቱቦ ሲቀጠልበት በበጋ ይቆማል፣ ይገማል፤ ሲዘንብ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ተዳፋቱ ሥር ወዳለው ጎረቤት ቤት ይዞ ይገባል። ነሐሴ 2014 በባሌ ዞን የተነሳው ኮሌራ ወደ ጉጂም ደርሶ እንደነበር አይዘነጋም። ኮሌራ መንገዱ ይኸው ነው፦ ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ውሃ።

ሁለቱን ውሃ በአንድ ቱቦ የላኩ ከተሞች በኋላ ብዙ ከፍለዋል። ለንደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲያ አደረገች፤ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ትርፉ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይለቀቅ ነበር። ያንን ለመቀነስ 25 ኪሎ ሜትር ዋሻ ከከተማዋ ሥር ቆፍራ ሙሉ በሙሉ ሥራ ያስጀመረችው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው። ቡሌ ሆራ የምትበልጠው ገና ባለመቅበሯ ነው።

ከቡሌ ሆራ በስተደቡብ፣ የቦረና አርብቶ አደር በቱላ ጉድጓዶቹ ላይ ተራ የሚያስከብር አባ ሄረጋ አለው፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ ይታወቃል። በከተማ ግን የአንዱ ግቢ ፍሳሽ ወደ ሌላው ሲወርድ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ጎረቤትም አያውቅም። ማዘጋጃ ቤቱ መስመር የሚዘረጋበት በጀት እስኪያገኝ ድረስ የግንባታ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን አለው። ባለሙያው ግቢ ገብቶ የአሸንዳውን ቱቦ ጫፍ ይከተል። ጫፉ ጉድጓዱ ውስጥ ከሆነ ፈቃዱ አይፈረም። የሀገያ ዝናብ መስከረም ላይ ይጀምራል፤ እስከዚያ ቢያንስ የኪራይ ግቢዎቹን ማየት ይቻላል።