የሳህኑ ጀርባ ምን ይላል?

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ከአንዲት እናት ቤት የመጣ ነው። ባለቤታቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በወጣትነታቸው ወደ ዓደን እየተመላለሱ ይነግዱ ነበር። ከዚያ ያመጡት አንድ ትልቅ ሳህን ለብዙ ዓመታት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቃማ ቀለም ያለው ሲሆን መሐሉ ላይ አበባ የተሞላ ማሰሮ ተስሎበታል።

ሰውየው ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ ልጆቹ ውርስ ለመከፋፈል ተሰበሰቡ። ቻይና አገር የተማረ አንድ ወዳጃቸው ሳህኑን ገለበጠና ከጀርባው ያሉትን ስድስት ፊደላት «በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግኋ ዘመን የተሠራ» ብሎ አነበበላቸው። ቼንግኋ ከ1464 እስከ 1487 የነገሠ የቻይና ንጉሥ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ይህን የሰማው ታላቁ ልጅ «ከቤቱ የሚደርሰኝ ይቅርብኝ፣ ሳህኑን ስጡኝ» አለ። የእናትየው ልብ ግን አልረጋም። ሳህኑን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውልን መጡና «ኡስታዝ፣ ልጄም እንዳይጎዳ፣ ሌሎቹም እንዳይበደሉ፣ እውነቱን ንገሩኝ» አሉን።

እኛ ዕቃ ነጋዴዎች አይደለንም። ታሪክ ስናስተምር ግን የንግድ ዕቃ ነገር አንዳንድ ጊዜ ስለሚስበን ስለ ሸክላ ጥቂት አንብበናል። ፊደላቱ በትክክል ተነብበዋል፤ ነገር ግን ሳህኑ የቻይና ሳይሆን የጃፓን ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ «ኢማሪ» ይባላል። ኢማሪ የወደቡ ስም ነው፤ ዕቃው የሚሠራው ከወደቡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በአሪታ ነው። አሪታ የምትገኘው በደቡባዊው የኪዩሹ ደሴት ነው። ጃፓኖች ነጩን ፖርሴሊን መሥራት የጀመሩት በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ሥራውን ያስጀመሩት ከኮርያ የመጡ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። በ1644 የሚንግ መንግሥት ሲወድቅና ጦርነቱ የቻይናን እቶኖች ሲያውክ የሆላንድ ነጋዴዎች ፊታቸውን ወደ አሪታ አዞሩ። በ1659 በገፍ ካዘዙት ውስጥ ለየመኗ የሞካ ወደብ የታሰበ ብዙ ዕቃ ነበረበት። ሞካ የቡና ገበያ ነበረችና ፍንጃል ትፈልግ ነበር። እኛም ዛሬ «ሲኒ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ «ቻይናዊ» ማለት ነው። ኢስታንቡል በሚገኘው በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ከቻይናው ሸክላ ጎን ኢማሪም ይታያል።

ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቅ በአንድነት የደመቁበት ሥራ የተስፋፋው በዚያው በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። እንግዲያውስ የቼንግኋ ስም እንዴት መጣ? የአሪታ ሠሪዎች የጥንት የቻይና ነገሥታትን ስም ከዕቃ ጀርባ መጻፍን ልማድ አድርገውት ነበር። ሁልጊዜ ለማታለል አይደለም፤ ለጌጥና ለቀደምቶቹ ክብር ሲሉም ያደርጉታል። ስለዚህ ማኅተም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሌሎች ምስክሮች ያስፈልጉታል።

ሳህኑን ገልብጠን ስናይ ከመቀመጫው ቀለበት ውስጥ አራት ትናንሽ ሻካራ ነጥቦች አገኘን። የጃፓን ሠሪዎች ሰፊ ሳህን እቶን ውስጥ መሐሉ እንዳይሰምጥ ከሥሩ በትናንሽ የሸክላ ሾጣጣዎች ይደግፉታል፤ ሲነቀሉ ነጥቡ ይቀራል። ከ1700 ገደማ ጀምሮ ቻይናውያን ኢማሪን አስመስለው ሠርተዋል፤ በእነርሱ ሥራ ላይ ግን ይህ ነጥብ ብዙውን ጊዜ አይገኝም፣ ገላውም ይነጣል፣ ይሳሳል። የእናታችን ሳህን ገላው ወፍራምና ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው። (እንግሊዞችም ደርቢ ላይ አስመስለው ሠርተዋል፤ በአብዛኛው የፋብሪካቸውን ምልክት ስለሚያደርጉበት እሱ ቀላል ነው።)

ቀጥሎ ሰማያዊውን ተመለከትን። የጥንቱ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚያደላና ወጥነት የሌለው ነው። በ1870 ጎትፍሪት ቫገነር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ዐዋቂ ወደ አሪታ ከመጣ በኋላ ግን ከአውሮፓ በፋብሪካ የተዘጋጀ ኮባልት ገባ። እሱ ደማቅ፣ ወደ ሐምራዊ የሚወስድና ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የዚህ ሳህን ሰማያዊ እንዲህ ያለው ነው። በማጉያ መነጽር ስናየው የብሩሽ ምት ይታያል፤ በማተሚያ የተሠራ ቢሆን ኖሮ እኩል የተደረደሩ ነጥቦች በታዩ ነበር። ወርቁም እጅ በሚይዝበት በጠርዙ ላይ ተፍቋል።

የአገር ስም አልተጻፈበትም። የአሜሪካ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ወደዚያ በሚገባ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር እንዲጻፍ ያስገድድ ስለነበር በላቲን ፊደል «ኒፖን» የሚል የታተመበት በአብዛኛው እስከ 1921 ያለ፣ «ጃፓን» የሚለው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለ ነው። ይህኛው ግን የተገዛው ዓደን ስለሆነ ጽሑፍ አለመኖሩ ብቻውን ከ1891 በፊት ነው አያሰኝም። ሁሉንም አንድ ላይ ስናያቸው ከ1870ዎቹ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው አልን።

በመጨረሻም ጠርዙን በጣት ኳኳ ስናደርገው እንደ ደወል መጮህ ሲገባው ድምፁ ታፈነ። ከጠርዙ ወደ መሐል የሚሄድ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። እናትየው ይህን እንኳ ለማንም ባንነግር ምን ይመስለናል ብለው ጠየቁን። «እማማ፣ ገዢውም ሆነ ወራሹ ነውሩን አውቆ ይውሰደው» አልናቸው።

ይበላበት ይሆን ብላችሁ ለምትጠይቁን፦ በወርቅ ዕቃ መብላት የተከለከለ ነው፤ በስስ የወርቅ ቅብ ላይ ግን ዑለሞች ዝርዝር አላቸውና ሸይኻችሁን ጠይቁ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል እኛ ግድግዳ ላይ ይሻለዋል እንላለን።

ታላቁ ልጅ ሲነገረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሳህኑ ለዐዋቂ ታይቶ ከነስንጥቁ እንዲገመትና ዋጋው ከቀረው ንብረት ጋር እንዲደመር ተስማሙ። እሱም የቤቱን ድርሻውን መልሶ ያዘ።