ስሙ ሲጠፋ መድኃኒቱም ይጠፋል



የአንድ ሕዝብ ሀብት በጎተራው ያለው እህል ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውም ነገር ሀብቱ ነው። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ያሉ እናት አባቶቻችን ከደጃቸው ቅጠል ቀጥፈው፣ ሥር ምሰው ሕመም ሲያስታግሡ ኖረዋል። የዚህ ዕውቀት መያዣው ስም ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ዕፀዋት ስም ነው።

ስም ስንል እንደ ዋዛ አይታይብን። ድንገተኛ የሚባለው ሥር ይህን ስም ያገኘው ድንገት ለሚነሣ ሕመም ስለሚታኘክ ነው። ጤና አዳም ብሎ የሰየመም ሰው የቅጠሉን ጥቅም በስሙ ውስጥ አስቀምጦልናል። ኮሶንም ያየን እንደ ሆነ አዋቂዎች ሴቴውን ከወንዴው ለይተው ይጠሩታል፤ ለኮሶ ትል የሚመረጠው የሴቴው አበባ ነውና። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ዛፉን ቢያገኝም መድኃኒቱን አላገኘም።

በግዕዝና በአማርኛ የሚጠሩት ዕፀዋት ዕድለኞች ናቸው። ደብተሮች በብራና ላይ ጽፈዋቸዋል፤ ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲንም እነዚህን የመድኃኒት ጽሑፎች መርምሮ በ1968 እና በ1973 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ አሳትሟል። የአገው ልጅ በኽምጣና የሚጠራቸው ስሞች ግን ከብራና ይልቅ በሽማግሌ አፍ የሚኖሩ ናቸው። አፍ ደግሞ ያልፋል። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ ተጎድቷል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ደርሶበት ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ከቀዬው የራቀ ሽማግሌ ለልጅ ልጁ «ይህች ናት» ብሎ በጣቱ የሚያሳያት ቅጠል ከፊቱ የለችም።

መጻፍ ምን ይጠቅማል ለሚለን ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እርድ ቁስል ማዳኑን ሕንዶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በ1995 እ.ኤ.አ. ግን ይኸው አሜሪካን አገር እንደ አዲስ ግኝት ተቆጥሮ የባለቤትነት መብት ተሰጠበት። ሕንዶች ዝም አላሉም፤ የጥንት የሳንስክሪት ጽሑፍ ሳይቀር በማስረጃነት አቅርበው ተከራከሩና በ1997 መብቱ ተሰረዘ። ከዚያም በ2001 በሳንስክሪት፣ በታሚልና በሌሎችም ቋንቋዎች ያለውን የመድኃኒት ዕውቀታቸውን የሚሰበስብ ትልቅ መዝገብ ጀመሩ። ክርክሩን የረታላቸው ከአባቶቻቸው የወረሱት ጽሑፍ ነው።

ወደ አገራችንም ስንመለስ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ከተከዜ ማዶ በዓድዋ ያዩትን እናስታውስ። ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። የሳይንስ ሰው ያን ዕለት የተማረው ከልብስ አጣቢዎች ነው ብንል አላጋነንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የጠንቋይ ነገር ነው፤ የተማረ ሰው ምን አገባው?» ይሉናል። እኛ ሐኪም ቤት ትታችሁ ሥር ማሱ አላልንም። ኮሶ ከመጠን ካለፈ ዓይን እስከ ማጥፋት፣ ነፍስም እስከ መቅጠፍ ይደርሳል። መጠኑን ጠንቅቀን መመዝገብ ያለብንም ስለዚህ ነው። ዕውቀቱ በግማሽ ከቀረ መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል።

ሌሎች ደግሞ «ሽማግሌዎቹ ምስጢራቸውን አይነግሩም» ይላሉ። እውነት ነው፤ መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል የሚል እምነት አለ። ነገር ግን ምስጢሩ ክብራቸውና እንጀራቸው መሆኑን አንርሳ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ስለዚህ እኛም አስፈቅደን እንጠይቅ፤ የፈቀዱትን እንጻፍ፤ ያልፈቀዱትን ለልጆቻቸው እንዲያወርሱ እንለምን።

ምን ይደረግ? ኽምጣና ዛሬ በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግዕዝ ፊደል የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ መጻፊያ አጣን ልንል አንችልም። ከዋግ የመጣን ተማሪዎች በመጪው ክረምት ወደ ቤታችን ስንገባ እያንዳንዳችን አሥር ዕፀዋት ብቻ መዝግበን እንመለስ። በአንድ ወረቀት ላይ የኽምጣናው ስም፣ የአማርኛው ስም፣ የበቀለበት ቦታ፣ የሚሠራበት ክፍል፣ መጠኑና ጉዳቱ ይስፈር። ቅጠሉና አበባው በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅ። አንድ ስም ለሁለት ዕፅ የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ ያለ ቅጠሉ የተጻፈ ስም ሰውን ያሳስታል።

የዕፀዋት ትምህርት መምህሮቻችንንም የምንለምነው አለን። ያመጣነውን ተመልክተው ሳይንሳዊ ስሙን ይንገሩን፤ ቅጂውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ የዕፀዋት ማኅደር እንዲሄድ ይርዱን። ሳይንስ ኮሶን ሃጌንያ ብሎ የጠራው ሃገን በተባለ የጀርመን መድኃኒት ቀማሚ ስም ነው፤ አበባውን መጀመሪያ ፈጭታ ለልጇ ያጠጣችው እናት ግን ስሟ የትም አልተጻፈም። የእርሷን ስም ዛሬ ልናገኘው አንችልም። ለቅጠሉና ለአበባው ያወጣችውን ስም ግን አያቶቻችን ገና ያውቁታልና፣ በሕይወት ሳሉ ሄደን እንጠይቃቸው።