የናቡቴ ርስት በሲኒማ

የሌላውን አገር ፊልም የሚመለከት ሰው ወደ ሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ ነው። እንግዳም የባለቤቱን እንባ ባየ ጊዜ አብሮ ሊያዝን ይገባዋል እንጂ፥ በደጅ ወጥቶ የቤቱን ጕድ ሊያወራ አይገባውም። ዛሬ ግን የሩስያን ሲኒማ ከሚያመሰግኑት ባዕዳን ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ለዚህ ምስክሩ የአንድሬይ ዝቪያጊንትሴቭ ፊልም «ሌዋታን» ነው። ይህ ፊልም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓመት በካን ከተማ ስለ ድርሰቱ ተሸለመ። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ ኮልያ የሚባል መኪና ጠጋኝ በሰሜን ባሕር ዳር በአባቶቹ ርስት ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ የከተማው ሹም ቦታውን ተመኘበት። ፍርድ ቤቱም ጳጳሱም ከሹሙ ጋራ ሆኑ። በመጨረሻም ኮልያ ሚስቱንና ቤቱን አጥቶ ወደ ወህኒ ወረደ፤ ቤቱ በፈረሰበትም ቦታ ቤተ ክርስቲያን ታነጸ።

ባዕዱ ተመልካች ይህን አይቶ «ሩስያ እንዲህ ናት» ብሎ፥ ራሱን ንጹሕ አድርጎ ይነሣል። በዚያን ጊዜ የሩስያ የባህል ሚኒስትር የነበሩት ቭላዲሚር ሜዲንስኪም፥ መሥሪያ ቤታቸው ለሥራው ገንዘብ የረዳ ሲሆን፥ ፊልሙን ነቀፉት። አመስጋኙና ነቃፊው በአንድ ስሕተት ተገናኙ፤ ሁለቱም ፊልሙን በአንዲት አገር ላይ የቀረበ ክስ አደረጉት።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዝቪያጊንትሴቭ አሳቡ የመጣለት ከአሜሪካ ወሬ ነው፤ በ2004 በኮሎራዶ አንድ ሰው ስለ ሥራ ቦታው ከከተማው ሹማምንት ጋራ ተጣልቶ፥ ብረት ባለበሰው ቡልዶዘር ቤቶችን እንዳፈረሰ ሰማ። ታሪኩም ከዚህ ሁሉ የቈየ ነው። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በተመኘ ጊዜ ሞስኮ የምትባል ከተማ አልነበረችም።

«ፊልሙ ቤተ ክርስቲያንን ይሰድባል» የሚሉም አሉ። ኤልያስ አክዓብን በገሠጸ ጊዜ እስራኤልን ሰደበን? በፊልሙ ውስጥ ለሹሙ የሚያደላ ጳጳስ ቢኖር፥ ኮልያን በመከራው ጊዜ የኢዮብን ታሪክ የሚነግረው ተራ ቄስም አለ። ደግሞ ይኸው የሩስያ ሲኒማ በ2006 በፓቬል ሉንጊን እጅ የአንድ መነኵሴን ንስሐ የሚያሳየውን «ደሴት» የተባለውን ፊልም ሠርቷል።

ይህ ሁሉ የሩስያን ሹማምንት ከበደል ለማንጻት አይደለም። በ2022 ሩስያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ የብዙ ንጹሓን ቤት ፈርሷል፤ ይህንም መሸፈን ኃጢአት ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት የኤውሮፓ የፊልም አካዳሚ የሩስያን ፊልሞች ከሽልማቱ ባገደ ጊዜ፥ በዳዩን እቀጣለሁ ሲል ስለ ተበዳዩ የሚናገረውን አፍ ዘጋ።

እንግዲህ «ሌዋታን»ን አይቶ የሚወጣ ሰው ስለ ሩስያ ከመፍረዱ በፊት፥ በገዛ ከተማው ያማረው ሕንፃ የቆመበት ቦታ ቀድሞ የማን እንደ ነበረ ይጠይቅ።