ተጠባባቂው

«ተጠባባቂ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ጠበቀ ማለት ዘብ ቆመ ማለት ነው፤ ጠበቀ ማለት ይመጣል ብሎ ቆየ ማለትም ነው። ጠባቂም ጠበቃም ከዚያው ግንድ የበቀሉ ናቸው። ይህ ባለጸጋ ቃል እኔ በምሠራበት በባንክ ዓለም ሲደርስ ግን ይኮሰምናል። «ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ» ማለት ፊርማው የሚሠራ፣ ወንበሩ ግን የእርሱ ያልሆነ ሰው ነው። ለዓመታት በዚህ መጠሪያ ሲፈርሙ ኖረው፣ ቋሚው ሹመት በመጣ ጊዜ ለሌላ ሰው መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበቡ ሰዎች አውቃለሁ።

የቃሉን ሙሉ ትርጉም በሥራ ዘመኑ ያሳየኝ ሰው አሜሪካዊ ነው፤ ፍራንክ ራይክ ይባላል። የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ነበረ፤ ኋላም አሠልጣኝ ሆነ። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በዚያ ጨዋታ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች በእያንዳንዱ የማጥቃት ሙከራ መጀመሪያ ኳሱን ይረከባል፤ ለማን እንደሚወረውር ወይም እንደሚያቀብል በሰከንዶች ውስጥ ይወስናል። ቦታው አንድ ነው። ሁለተኛው ኳርተርባክ ከሜዳው ጠርዝ ይቆማል። በሳምንቱ ልምምድ ላይ እንኳ አብዛኛው ዕድል የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው የመጪውን ተጋጣሚ አጨዋወት እያስመሰለ የገዛ ቡድኑን ተከላካዮች ያለማምዳል። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሰው ሆኖ ይጫወታል ማለት ነው። ምናልባት አንድ ቀን ራሱን ሆኖ ይጠራ ይሆናል።

ራይክ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ በዩኒቨርሲቲ ሳለ ከቡመር ኢሳያሰን በስተኋላ ተራውን ጠበቀ። ተራው ደርሶ ገና መጫወት ሲጀምር ተጎዳና ቦታውን ለሌላ ለቀቀ። ከዚያ በኅዳር ወር 1984 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቡድኑ ማያሚ ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ 31 ለ 0 ሲመራ፣ ለሁለተኛው አጋማሽ ተጠራ። ሜሪላንድ 42 ለ 40 አሸነፈ። በ1985 ቡፋሎ ቢልስ ወሰደው፤ በዓመቱ ግን ጂም ኬሊ መጣና ራይክ ወደ ጠርዙ ተመለሰ።

ጥር 3 ቀን 1993 ኬሊ በጉዳት አልተሰለፈም። ቡፋሎ ከሂውስተን ኦይለርስ ጋር በገጠመው በዚያ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ በሦስተኛው ሩብ መጀመሪያ ራይክ የወረወረውን ኳስ ተጋጣሚው ቀልቦ ነጥብ አስቆጠረበትና ውጤቱ 35 ለ 3 ሆነ። ብዙ ተመልካች ስታዲየሙን ለቅቆ መውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ራይክ አራት የነጥብ ኳሶችን ወረወረ፣ ቡፋሎ በተጨማሪ ሰዓት 41 ለ 38 አሸነፈ። የ32 ነጥብ ልዩነት ተቀልብሶ አያውቅም ነበር።

ተራኪዎች ሁሉ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ከአራት ሳምንት በኋላ የሆነውን አብልጬ አስበዋለሁ። ኬሊ ተመልሶ ቡድኑን ለሱፐር ቦውል፣ ማለትም ለፍጻሜው፣ አደረሰ። በዚያም ጨዋታ ተጎዳና ራይክ እንደገና ገባ። ዳላስ ካውቦይስ 52 ለ 17 አሸነፈ፤ ቡፋሎ በዚያ ቀን ኳሱን 9 ጊዜ ለተጋጣሚው አስረከበ። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፣ ያው የክረምት ወር። ግጥም እጽፋለሁ ብል የምጽፈው ስለ 41 ለ 38 አይደለም፤ እርሱ ገጣሚ አያሻውም። ስለዚህኛው ምሽት ነው።

በዚህም ምክንያት «የታገሠ ያሸንፋል» እያሉ የራይክን ታሪክ እንደ ስብከት ምሳሌ ከሚያቀርቡ ሰዎች ጋር አልስማማም። ታሪኩ እንዲያ አይልም። በ1995 አዲስ የተቋቋመው ካሮላይና ፓንተርስ የመጀመሪያው ኳርተርባክ አድርጎ ሾመው፤ በጀመራቸው ሦስት ጨዋታዎች ቡድኑ ሦስቱንም ተሸነፈ፣ ቦታውም ለአንድ ጀማሪ ወጣት ተሰጠ። ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ወደዚያው ቡድን በዋና አሠልጣኝነት ተመለሰ፤ 11 ጨዋታ አድርጎ አንዱን ብቻ አሸንፎ ተሰናበተ። ፊተኛው ወንበር ለእርሱ የቀረ ዕዳ አልነበረም። ተሰጥቶታል፤ አልሆነለትም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ተጠባባቂነት የፊተኛው ወንበር ደጃፍ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የራሱ እውቀት አለው። ይህን እውቀት ራይክ ወደ አሠልጣኝነት ይዞት ገባ። መንገዱም ቀጥተኛ አልነበረም፤ ከ2003 እስከ 2006 በሻርሎት የአንድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ፕሬዚዳንት ነበረ። ከዚያ በኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ከታች ጀመረ፤ በ2016 የፊላዴልፊያ ኢግልስ የማጥቃት ክፍል አስተባባሪ ሆነ። ዋና አሠልጣኙ ዳግ ፔደርሰንም በተጫዋችነት ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ኳርተርባክ ነበረ። በታኅሣሥ 2017 የቡድኑ ኮከብ ካርሰን ዌንትዝ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ኒክ ፎልስ ከጠርዙ ገባ። የካቲት 4 ቀን 2018 እነዚህ ሦስት ሰዎች ቶም ብሬዲ የሚመራውን ኒው ኢንግላንድን 41 ለ 33 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ፤ ፎልስም የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ሁለተኛ ሆኖ የኖረ ሰው፣ ሁለተኛው ሲጠራ ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ወር ኮልትስ ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ያሳወቀው ሰው በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቡን ስለለወጠ ለራይክ ጥሪ መጣለት። እዚያም ሁለተኛ ምርጫ! የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር፤ በ2019 ነሐሴ ግን ኳርተርባኩ አንድሩ ላክ ገና በ29 ዓመቱ በጉዳት ብዛት ጨዋታ አቆመ። ራይክ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሌላ ኳርተርባክ እየተሰጠው ቆየ። 40 አሸንፎ፣ 33 ተሸንፎ፣ አንዱን አቻ ወጥቶ በኅዳር 2022 ተባረረ። በሚቀጥለው ወር ያው ኮልትስ ሚኔሶታን 33 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 39 ለ 36 ተሸነፈ፤ የራይክም የ32 ነጥብ ታሪክ በዚያ ቀን ተሰበረ። እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ልብ ወለድ ውስጥ ባነብ ደራሲውን «አበዛኸው» እለው ነበር።

ላክ በኋላ በተማረበት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳሱ ዋና ኃላፊ ሆነ። በ2025 ቡድኑ ድንገት ያለ አሠልጣኝ ሲቀር የቀድሞ አሠልጣኙን ጠራ። ሥራው ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ እንደሆነ ከመጀመሪያው ተነገረ፤ ራይክም በ63 ዓመቱ ሄዶ ተረከበ።