ሴራው በማን ላይ ነው?

በአማርኛ «ሴራ» የሚለው ቃል በሁለት ቤት ያድራል። በአደባባይ ሲነገር የተንኮል ውጥን ነው፤ በሥነ ጽሑፍ መድረክ ሲነገር ደግሞ የድርጊቶች ምክንያታዊ ትስስር። እንዳለመታደል ሆኖ ብዙዎቹ የረጅም ልብ ወለድ ደራስያን ሁለተኛውን ትርጉም በአፋቸው እየጠሩ በብዕራቸው የሚሠሩት በመጀመሪያው ነው። በገዛ ገጸ ባሕርያቸው ላይ ያሤራሉ። ማን መቼ እንደሚያፈቅር፣ ማን በስንተኛው ምዕራፍ እንደሚከዳ፣ ማን በመጨረሻ እንደሚሞት አስቀድመው ይቈርጡና ለሰዎቹ ስም አውጥተው፣ የዐይናቸውን ጉልህነትና የአፍንጫቸውን ሰልካካነት በመጀመሪያው ገጽ ዘርዝረው፣ ወደ ተማሰላቸው ጉድጓድ ይነዷቸዋል።

ይህን አሠራር የሚሰብኩ መምህራንና ሐያስያን አሉ። «መጀመሪያ ንድፍ፣ ከዚያ ሰው» ይላሉ። ምስክር ሲጠየቁ አርስጣጣሊስን ይጠራሉ፤ ሴራ የትራጀዲ ነፍስ ነው፣ ጠባይ ሁለተኛ ነው ብሏልና። በእርግጥም ብሏል። ዳሩ ግን ያው ፈላስፋ ድርጊት ከድርጊት በግድ ወይም በሚያሳምን ምክንያት መወለድ እንዳለበት፣ ክስተቶች ያለ ምክንያት የሚከታተሉበት ሴራም እጅግ የከፋው መሆኑን ማስተማሩን ስለምን ይዘነጉታል? ደግሞስ የሚናገረው ስለ መድረክ ነው። በመድረክ ላይ ተዋናይ አለ። በልምምድ ጊዜ ቆም ብሎ «አሁን በዚህ በር የምወጣው ለምንድን ነው?» ሲል ጸሐፌ ተውኔቱን ያፋጥጠዋል። መልስ ያጣ ጸሐፌ ተውኔት ያን ሌሊት እንቅልፍ የለውም። የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ግን የሚከራከርበት አፍ የለውም፤ ና ሲሉት ይመጣል፣ ሙት ሲሉት ይሞታል። ያን ጥያቄ በእርሱ ፈንታ ሊጠይቅ የሚገባው ደራሲው ራሱ ነበር።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት በመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መንትዮቹ ዋሕድና ጦቢያ ከመከራ ወደ መከራ ይሸጋገራሉ እንጂ ጠባያቸው እንደ ተፈጠረ ይዘልቃል። መንገድ ጠራጊ ናቸውና ይህ አይነቀፍባቸውም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በሶሻሊስት ሪያሊዝም ስም ከተጻፉት መካከል በርካታዎቹ ግን ያንኑ ተረታዊ አሠራር አዲስ ካባ ደርበውለት መልሰው አመጡት፤ ባላባቱ ከሥሩ ክፉ፣ ጭሰኛው ከማሕፀን ጀምሮ ደግ። ዛሬ የመደቡ ስም ተፍቋል፤ በቦታው ሀብታም ነጋዴና ድኻ ተማሪ ገብተዋል፤ ንድፉ ያው ነው።

ክርክሩ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይዳኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት በዚህ ሥራ ውድነሽ በጣሙ ልጇ እንዲያድግላት ለቤተ ክርስቲያን ትሳላለች። ይህ የደራሲ ብልሃት መስሎ አይታይም፤ ልጅ እንዳታጣ የምትፈራ እናት ሥራ ነው። በዛብህን ከወላጆቹ የነጠለው፣ ለቤተ ክህነት ትምህርት ያበቃው፣ በትምህርቱም ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያስገባው ያ ስለት ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ባፈቀረ ጊዜ ኅሊናውን የሚያስጨንቀውም ያው ስለት ነው። በወዲያ በኩል ሰብለ ሳታገባ የቈየችው በአጋጣሚ አይደለም፤ አባቷ በዘር ኩራታቸው የሚመጥናት ባል ስላጡላት ነው። የእናት ፍርሃትና የአባት ኩራት በአንድ ጣሪያ ሥር ከተገናኙ በኋላ ደራሲው ማንንም መግፋት አላስፈለጋቸውም።

ንድፍ ከሌለ ታሪክ ይባዝናል የሚሉት እውነት አላቸው፤ ንድፍ ይኑር። ጥያቄው ከየት ይቀዳ ነው።

ይህም ታላቅ ሥራ ቢሆን ከሕጸጽ አልነጻም። በመጨረሻ በዛብህን ለሞት ያበቁት በመንገድ ላይ ያገኙት ወንበዴዎች ናቸው። አንባቢ ያለቅሳል፤ ልቅሶው ግን ካለፉት ገጾች የተጠራቀመ እንጂ ወንበዴዎቹ ይዘውት የመጡት አይደለም። ውድነሽን ስለቷን ቢነጥቋት መጽሐፉ ከመሠረቱ ይፈርሳል፤ ወንበዴዎቹን አውጥተው በንዳድ ቢተኳቸው ግን የሚናጋ አንድም ግድግዳ የለም።